ሳያዩ ማንበብ

ግራዝማች ውብነህ የመንደሩን የኔታ ሊያባርሩ መጡ። ልጃቸው ብርቅነሽ የኔታ ዘንድ ስድስት ወር ሙሉ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመች ስትንተባተብ ከርማ፣ ከከተማ የመጣ መምህር በዐሥር ቀን ገበታውን በዜማ አሸምድዷት ነበር።

የኔታ ከዚህ መንደር ሌላ መጠጊያ የላቸውም። ዋርካው ሥር ገበታውን ዘረጉ። ብርቅነሽ ስንደዶዋን ጥላ፣ ዛፉ ላይ ያለችውን ጦጣ እያየች ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳትሳሳት ዘለቀችው።

«አዩ የኔታ!» አሉ ግራዝማች ደረታቸውን ነፍተው። «ልጄ ፊደሉን ሳታይ ታነባለች! የእርስዎ ተማሪዎች አፍጥጠውበት እንኳ ይንተባተባሉ። መልስ ካለዎት ይናገሩ፤ ከሌለዎት ጓዝዎን ይሸክፉ።»

የኔታ የግራዝማችን የኮት ኪስ አዩ። ልጃቸው እስክታነብላቸው ያቆዩት ደብዳቤ ጫፉ ብቅ ብሏል።

«እሰይ ጌታዬ! ሳታይ ካነበበችማ ደብዳቤውን ማውጣት ምን ያደክምዎታል? ከነኪስዎ ታንብብልዎት።»

ብርቅነሽ ጦጣዋን ትታ የአባቷን ኪስ ትኩር ብላ አየችና «ሀ፣ ሁ፣ ሂ...» ብላ ጀመረች።

የከተማው መምህር በማግስቱ ተሸኘ። ዋርካው ሥር የኔታ፣ ብርቅነሽና ስንደዶዋ ቀሩ።