የፊታውራሪው ነጭ ወፍጮ

ፊታውራሪ ድልነሳው በተሾሙ ማግስት ዓይናቸው ያረፈው ጓዳቸው ውስጥ ባለው ጥቁር ወፍጮ ላይ ነበር። «ጥቁር ድንጋይማ የባላገር ነው፤ ለእኔ ቤት ነጭ ይጠረብ!» አሉና ወፍጮ በመውቀር የምትተዳደር አንዲት ምላሰኛ ሴት አስጠሩ።

ሴትዮዋ ፊታውራሪው የመረጡትን የኖራ ድንጋይ በቢላዋ ጫፍ ጫር ብታደርገው ነጭ ብናኝ ቡን አለ። «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ስንዴ ሳይነካው ዱቄት ሆነ» ብትላቸው፣ «ጥረቢ ተባልሽ እንጂ ምከሪ አልተባልሽም!» አሏት። እሷም ጠርባ፣ ወቅራ ሰጠቻቸው።

የሹመቱ ድግስ ዕለት በነጩ ወፍጮ ከተፈጨው ስንዴ የተጋገረው ድፎ ተቆረሰ። ገና የመጀመሪያው ጉርሻ አፍ ሲገባ አዳራሹ በሙሉ ቀጭ ቀጭ አለ። ፊታውራሪው ራሳቸው ጉንጫቸውን ይዘው ቀሩ። እንግዶቹ ግን ፊታውራሪውን አየት እያደረጉ፣ ከወፍጮው የረገፈውን አሸዋ ዋጥ አድርገው «እንዴት ያለ ዳቦ ነው!» ይሉ ጀመር።

ሴትዮዋ እየተጎተተች ቀረበች። ፊታውራሪው አለንጋቸውን አነሱ።

«ጥፋቱ የማን ነው? የወፍጮው ካልሽ፣ የጠረብሽው አንቺ ነሽና ትገረፊያለሽ። የእኔ ካልሽ ደግሞ ጌታሽን ደፍረሻልና ትገረፊያለሽ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«የስንዴው ነው፣ ጌታዬ። ባለጌ ስንዴ! ድንጋዩን የመረጡት እርስዎ መሆንዎን ቢያውቅ ኖሮ፣ እሱም እንደ እንግዶችዎ አሸዋውን ዋጥ አድርጎ ‹እንዴት ያለ ወፍጮ ነው!› ይል ነበር።»