የአጋም ሜዳ ጉድጓድ

ልጆች፣ ዛሬ መጀመሪያ የምጠይቀው እኔ ነኝ። በሠራችው ገንቦ እየጠጣችሁ እጇን ግን የማትጨብጧት ሴት በሰፈራችሁ የለችም? አስባችሁ መልሱ። እስከዚያ እኔ ላውራ።

በድሮ ዘመን አጋም ሜዳ የሚባል መንደር ነበር። ሰዎቹ ታታሪዎች ነበሩ፤ ኩራታቸው ግን ከትጋታቸው ይበልጥ ነበር። ከመንደሩ ጥግ ሦስት ሰዎች ለብቻቸው ይኖራሉ፤ ሸክላ ሠሪዋ አስካለ፣ ቀጥቃጩ ደርሶ፣ ቆዳ ፋቂው ምትኬ። መንደሩ በአስካለ ገንቦ ይጠጣል፣ በደርሶ ማረሻ ያርሳል፣ በምትኬ ቁርበት ላይ ይተኛል። ሦስቱን ግን "ቡዳ ናቸው" ብሎ ሰርግ አይጠራቸውም፣ ለቅሷቸው አይደርስም፣ ሸንጎ አያስቀምጣቸውም።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። ምንጩ ደረቀ። ከብቱ ማለቅ ጀመረ። የመንደሩ ሹም ደምሌ "እስከ ፋሲካ ውሃ ካላገኘን አገር ለቀን እንሰደዳለን" አለ።

በዚህ መሀል ደባሱ የሚባል ብልጣብልጥ በበቅሎ መጣ።

"እኔ ውሃ እጠራለሁ" አለ። "ብቻ ውሃ ቀይ በግ ይወዳል።"

በግ ሰጡት። በላ።

አስካለ ከሸንጎው ዳር ቆማ "ጌቶቼ፣ ውሃ ያለበትን አውቃለሁ" አለች።

"ሸክላ ሠሪ በሸንጎ አፍ የላትም!" አሏት።

በሳምንቱ ደባሱ "ውሃው መንገድ ጀምሯል፤ ጥቁር ፍየል ቢያይ ይፈጥናል" አለ። ፍየል ሰጡት። በላ። አስካለ ተናገረች። "አፍ የላትም!" አሏት።

በሦስተኛው ሳምንት "ደጃችሁ ደርሷል፤ የቀረው አንድ ወይፈን ነው" አለ። የመጨረሻውን ወይፈን ሰጡት። በላ፤ በልቶም በቅሎውን መጫን ጀመረ።

ደምሌ ያን ጊዜ ነቃ፤ ደባሱን አስያዘና ወደ አስካለ ዞረ። "በይ አንቺ ሴትዮ፣ ተናገሪ" አለ።

"ለገንቦ ጭቃ የማወጣበት ስፍራ በበጋም ያልበዋል" አለች አስካለ። "ሌላው መሬት ሲሰነጠቅ እሱ እጄን ያረጥበዋል። ከሥሩ ውሃ አለ።"

ደርሶ ረጃጅም መቆፈሪያ ቀጠቀጠ። ምትኬም፣ ደባሱ የበላቸውን እንስሳት ቆዳ ለቅሞ ጠንካራ ጠፍር አበጀ። አስካለ ቦታውን በእግሯ አሳየች።

"ማን ይውረድ?" ተባለ።

ምትኬ ደባሱን አየውና "ውሃ ጠሪው እያለ ማን ይወርዳል? በል ጌታው፣ ቀርበህ ጥራው!" አለ። በጠፍሩ አስረው አወረዱት።

በመጀመሪያው ቀን ቆፈረ፤ አፈር ወጣ። በሁለተኛው ቀን ቆፈረ፤ ጭቃ ወጣ። መንደርተኛው ከቀጥቃጩና ከፋቂው ጋር አንድ ጠፍር ይዞ ይጎትታል። በሦስተኛው ቀን "ኧረ አውጡኝ፣ መስመጤ ነው!" የሚል ጩኸት ከታች ተሰማ። ውሃ መጣ።

ደባሱን አወጡት። በቅሎውን ለካሳ አስቀርተው በእግሩ ሰደዱት።

ምክሩ ይኸውላችሁ። ከሩቅ የመጣ አፍ ከማጉረሳችሁ በፊት የጎረቤታችሁ እጅ ምን እንደሚያውቅ ጠይቁ። መንደር የሚቆመው በውስጡ ባለው ሰው ነው።

ተረቱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይላችሁ ነበር። አያልቅም።

በማግስቱ ደምሌና ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክመው አስካለ ደጅ ወደቁ። "እናታችን፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይን" አሉ።

"ልጄ የሞተ ጊዜ ቃሬዛውን የያዘ ከመካከላችሁ ነበር?" አለች።

አንድም አልነበረም።

"ድንጋዩን አውርዱና የጉድጓዱን አፍ ክበቡበት። ውሃውን ጠጡ፤ አልከለክልም። ይቅር ግን አልልም። አንዳችሁንም።"