ስም የማይጠየቅበት ቤት

ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ ቁር በር ከሚባለው ቦታ ሲደርስ፣ ጅብራ ከሚበቅልበት ሜዳ ዳር፣ በጓሳ ሣር የተከደነች አንዲት ክብ የድንጋይ ቤት አለች። የአካባቢው ሰው የዘርፈሽዋል ቤት ይላታል፤ ከከተማ የሚመጡት ጎብኚዎች ደግሞ ሙዚየም ይሏታል። በውስጧ የተሰበረ ጦር፣ ነጠላ እርካብ፣ አፈሙዙ የተጣመመ ጠመንጃና እጀታ የሌለው ማጭድ ተቀምጠዋል፤ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ጠባቂ እሳት ዳር አስቀምጠው ያሞቁታል፣ ትኩስ ነገር ያቀምሱታል፣ ዕቃውንም እየዞሩ ያሳዩታል፤ ማን እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ ግን ከደጅ እስኪወጣ ድረስ አይጠይቁትም። ሽማግሌዎቹ የዚህን ልማድ መነሻ እንዲህ ይተርኩታል።

ዘርፈሽዋል ባሏ የሞተባት፣ ጠጉር እየፈተለች የምትተዳደር ሴት ነበረች ይባላል። እናታቸው በልጅነታቸው ስላረፈች ታናሽ ወንድሟን አበጋዝን ያሳደገችው እሷ ናት። በዚያ ዘመን የቁር በር ሰዎችና ከገደሉ ሥር የሰፈሩት የጨፌ ሰዎች በሣር ማጨጃው ሜዳ ይጣሉ ነበርና፣ አንድ ቀን ጠቡ ከስድብ አልፎ ዱላ ሲማዘዙ፣ ወንድይፍራው የሚባል የጨፌ ጎልማሳ አበጋዝን ጭንቅላቱን መታው። አበጋዝ በዚያው ቀረ፤ ወንድይፍራውም አገር ጥሎ ጠፋ። ዘርፈሽዋል ለወንድሟ ብላ የፈተለችው ጠጉር ያን ጊዜ ሸማኔ ዘንድ ስለ ነበር ባናው ተሠርቶ የመጣላት ከቀብሩ በኋላ ነው። ማንም እንዲለብሰው አልፈቀደችም፤ እንደ ታጠፈ ቆጥ ላይ አስቀመጠችው።

እንደሚነገረው፣ ክረምቱ ሲገባ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከቀትር ጀምሮ ሲወርድ ውሎ፣ ወደ ማምሻው ላይ አንድ ሰው ደጇ ላይ ወደቀ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል፣ መናገርም አቅቶታል። ጎትታ አስገባችው። ጣሪያዋ ያፈስ ስለ ነበር የራሷ ልብስ ሁሉ ርሷል፤ በቤቱ ውስጥ ደረቅ ሆኖ የተገኘው የአበጋዝ ባና ብቻ ነበር። ጥቂት አመነታችና አወረደችው። ሰውየውን በእሱ ጠቅልላ ለብ ያለ የገብስ አጥሚት ቀስ እያለች አጠጣችው።

ሰውየው ነፍስ ሲዘራ ባናውን ዳበሰና፣ «የማን ነው፣ እሜቴ?» ሲል ጠየቃት።

«የወንድሜ ነበር። የጨፌ ሰው ገደለብኝ።»

ሰውየው ባናውን ከላዩ ገፍፎ አጠፈና ከእግሯ ሥር አኖረው። «ስሜን አልጠየቁኝም» አላት። «ወንድይፍራው እባላለሁ። እናቴ መሞቷን ሰምቼ ለለቅሶ ልደርስ ስሄድ ነው በረዶው የጣለኝ።»

ዘርፈሽዋል ተነሥታ ወጣች። ትከሻዋ በበረዶው ነጭ እስኪሆን ደጅ ቆማ ነበር ይላሉ። በዚያ ሰዓት ያሰበችውን ለማንም አልተናገረችም፤ ተመልሳ ስትገባ ግን ባናውን አንሥታ ሰጠችው።

«ስምህን ቀድሜ ሰምቼ ቢሆን በሩን አልከፍትልህም ነበር» አለችው። «አሁን ግን ከእጄ ቀምሰሃል። ልበሰው።»

በማግስቱ ጠዋት አጎቷ ባላምባራስ ልሳነወርቅ በበረዶው ላይ የእግር ዱካ አይተው መጡ።

«እንግዳ አድሯል መሰለኝ» አሉ።

«አድሯል። ወንድይፍራው ነው።»

ባላምባራስ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ዞር በዪ፣ ልጄ።»

እሷ ግን ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። «የለበሰው የአበጋዝን ባና ነው፣ አጎቴ። አበጋዝ ያለበሰውን እርስዎ ያራቁቱታል?»

«አበጋዝ አላለበሰውም። ያለበስሽው አንቺ ነሽ።»

«እሱ ቢኖር ኖሮ በዚያ በረዶ ሰው ደጅ ላይ ይተው ነበር?»

ባላምባራስ የአበጋዝን ጠባይ ያውቁ ነበርና ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ፤ ኋላም ፊታቸውን ወደ ሜዳው እንዳዞሩ፣ «ሽማግሌ ይጠራ» አሉ።

እርቁ ቀላል አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ እስከ መስከረም ድረስ ተመላልሰውበታል ይባላል። በመጨረሻ እርቁ ሲወርድ ባናውን ማን ይውሰደው ተባለ። ዘርፈሽዋል ልለብሰው አልችልም አለች፤ ወንድይፍራው ሊነካው አፈረ፤ ስለዚህ ከቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ወንድይፍራው በየዓመቱ ከክረምት በፊት ጓሳ አጭዶ እየወጣ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን ከደነላት። መጀመሪያ ላይ ሥራውን ሲጨርስ ሰላምታ ብቻ ሰጥታ ትሸኘው ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ገብቶ እንዲበላ ትጠራው ጀመር። ይህ ወሬ ሲሰማ ከሩቅ አገር ሳይቀር ደም ተቃብተው የታረቁ ሰዎች የተጣሉበትን መሣሪያ እያመጡ ከባናው አጠገብ አኖሩ፤ ቤቷም በዚህ ዓይነት ሞላች።

ባናው የያኔው ነው ወይስ ብል በልቶት ሌላ ተሠርቷል በሚለው ላይ የዛሬ ሽማግሌዎች አይስማሙም። ስለ ጣሪያው ግን ክርክር የለም። ቆርቆሮ ይልበስ የሚል ሐሳብ ቢቀርብላቸውም ሁለቱም ሰፈሮች አልተቀበሉትም። በየበጋው የጨፌ ሰዎች ሣሩን ተሸክመው ይወጣሉ፣ የቁር በር ሰዎች ይከድናሉ። ሥራው እስኪያልቅ ባናው ከደጅ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፤ መልሰው ሲሰቅሉትም አንዱን ጫፍ የቁር በር ሰው፣ ሌላውን ጫፍ የጨፌ ሰው ይይዛል።