የጓንጉል በቅሎና የእትዬ ጥሩአየሁ ቅል

ይህችን የቅል አባባል ሰው ሁሉ በየደረሰበት ይጥላታል እንጂ ከየት እንደመጣች ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ደግሞ ማጋነን አልወድም፤ እንዳየሁት ነው የምናገረው።

የመንደራችንን ሕፃናት የምታስተምረው እትዬ ጥሩአየሁ ነበረች። ትምህርቷ በእጅ ነው፦ ብረቱን፣ ሱፉን፣ ሸክላውን፣ ቅሉን ታስይዛቸውና «የቱ ይሰበራል? የቱ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል?» ትላቸዋለች። ለልጆቹ መማሪያ ቤት ልንሠራበት ባሰብነው ቦታ መሐል ግን አንድ ቋጥኝ ተጎልቷል። ቋጥኝ ስላችሁ፣ ዞሮ ለመመለስ ስንቅ ያስይዝ ነበር! ክረምት ሳይገባ ካልተነሣ ልጆቹ ዝናብ ላይ መቅረታቸው ነው።

ያኔ ጓንጉል የሚሉት ጉልበተኛ ከወንዝ ማዶ በበቅሎ መጣ። መዶሻው የዝሆን ግልገል ያህላል። ቢመታው፣ ቢመታው፣ የመዶሻው እጀታ ተሰበረ፤ ቋጥኙ አልተጫረም።

«እኔን ያቃተኝን ማንም አይችለው! ቤታችሁን ሌላ ቦታ ሥሩ» አለ ላቡን እየጠረገ።

«እኔ በቅል እሰብረዋለሁ» አለች ጥሩአየሁ።

ጓንጉል ሲስቅ የዋርካው ቅጠል ረገፈ። «እቴ፣ በእኛ አገር ድንጋይ ነው ቅል የሚሰብረው! ከሰበርሽው በቅሎዬን ውሰጂ።»

«ካልሰበርሁት ያለችኝን አንዲት ላም ንዳት።»

ባሏ ራሱን ያዘ። እሷ ግን መንደሩን እንጨት አስለቀመችና ቋጥኙን ዙሪያውን በእሳት አጋለችው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞራ፣ «የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስ ምን ይላል?» አለች።

«ጧ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«በሉ እንግዲህ፣ ራቅ በሉልኝ።»

ከምንጭ የተቀዳ ውኃ በቅል ሙሉ ቸለሰችበት። ጧ! ቋጥኙ ከአናቱ እስከ ሥሩ ተተረተረ። የሰባት ቀበሌ ሰው ነጎድጓድ መስሎት ያሰጣውን እህል አስገባ።

ጓንጉል አፉን እንደከፈተ ከበቅሎው ላይ ኮርቻውን ፈታ። «ኧረ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጉድ የለም!» እያለ አጉተመተመ።

ሽማግሌው አያ ደምለው ልጓሙን ተቀበሉትና ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ያንተን አገር አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ፤ ቅል ግን ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል» አሉት።