በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አዲስ ኮምፒውተርና ማይክሮስኮፕ ያለው ክፍል ተከፈተ። በሩ ላይ በትልቁ «የልዩ ተሰጥኦ ተማሪዎች» ተብሎ ተለጠፈበት። በመግቢያ ፈተናው አንደኛ የወጣችው የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ነበረች። ርዕሰ መምህሩ ግን ወንበሮቹን በስልክ ለተለመነላቸው የባለሥልጣን ልጆች አድለው፣ እናትየዋን «ቦታ ሞልቷል» ብለው መለሷት።

ወር ሳይሞላ ገምጋሚ ይመጣል ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ልጆቹን አንድ ጎበዝ ለአምስት ደካማ አድርገው በቡድን ሊያስጠኑ ቢነሱ፣ ደካማው ሞልቶ ጎበዙ ጠፋ። ደንግጠው ሴትዮዋን ከነመጥረጊያዋ አስጠሯት።

«ስሚ፣ ልጅሽ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ታስጠናቸው። ለእሷም ትልቅ ዕድል ነው!»

«እሺ ጋሼ፣ ትመጣለች። ብቻ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይቀይሩልኝ።»

«ምን ተብሎ?»

«‹የልዩ ተሰጥኦ ተማሪዎች› የሚለው ይነሳና ‹የልጄ ተማሪዎች› ይባልልኝ።»