ለብቻው የተቀመጠው ቅጂ

ፎልደሩ ያን ጠዋት ቶሎ ተከፈተ። በልጆች ፎቶ የተሞላ ስለሆነ ሁልጊዜ እያንገራገረ ነበር የሚከፈተው። ሴትዮዋ ግን "ተመስገን፣ ዛሬ ኔትወርኩ ደህና ነው" ብላ ወደ ሌላ ሥራዋ ሄደች። ወደ ውስጥ አላየችም።

የምትሠራው የጠፉ ልጆችን ከወላጆቻቸው በሚያገናኝ ድርጅት ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ ቢሮ አላቸው፤ እሷ ያለችው ደሴ ነው። በሦስቱም ፎቶ የሚያኖር ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ አለ፤ አንዱ ጋ የገባ ፎቶ ወዲያው ሌሎቹ ሁለቱም ጋ ይገባል። ግሩም አይደለም?

እሷ ግን ክፉ ክፉውን የምታስብ ሴት ናት። ሥራው ሲታቀድ አራተኛ ኮምፒውተር ለመነች። ማታ ማታ ሁሉን ቀድታበት፣ ገመዱን ነቅላ፣ ዕቃ ቤት ልትቆልፍበት።

አለቃዋ ጋሼ እንድሪስ ሳቁባት። "አንቺ እኮ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የምትዘረጊ ነሽ! ሦስት ከተማ በአንድ ቀን ይቃጠላል?"

"አይቃጠልም ጋሼ። ግን ሦስቱ ይተያያሉ። አንዱ ያደረገውን ሁሉም ያደርጋል።"

"በይ ያንን አሮጌውን ውሰጂና ገላግይን!"

ያን ጠዋት ረፋዱ ላይ አንዲት እናት መጣች። ልጇ አውቶቡስ ተራ ውስጥ ከእጇ ጠፍቶባታል።

"ቢጫ ሹራብ ለብሶ ነበር" አለች። "በሬን ማታ አልቆልፍም፤ ድንገት ቢመጣ ብዬ።"

ሴትዮዋ ፎልደሩን ከፈተች። ባዶ! ወልዲያ ደወለች። ባዶ! ኮምቦልቻ ደወለች።

"ቦታ ስለጠበበን ዛሬ ጠዋት የእኛን ብቻ ነው ያጠፋሁት" አለ ሠራተኛው። "እናንተ ጋ አለ ብዬ!"

አያችሁ? ሰርቨሮቹ መልካሙን ሲቀዱ ኖሩ፤ ጥፋቱንም እንዲሁ ቀዱ።

"የለም ማለት ነው?" አለች እናትየዋ።

ሴትዮዋ ቁልፉን ይዛ ወደ ዕቃ ቤት ሮጠች። አሮጌው ኮምፒውተር እያጓራ ተነሣ። ፎቶዎቹ አሉ! ቢጫው ሹራብ አለ! ልጁ ወልዲያ ማቆያ ውስጥ እንደሚገኝ ከሥሩ ተጽፏል!

"እሱ ነው! ልጄ ነው!" ቢሮው በእልልታ ተናጋ። ጋሼ እንድሪስ ዓይናቸውን እየጠረጉ "ጃንጥላሽ አይጥፋ!" አሏት።

እናንተስ ወገኖቼ? እኛም እንደዚያ ተያይዘን ነው የምንኖረው። ጎረቤት ሲፈራ እንፈራለን። ሰፈሩ ተስፋ ሲቆርጥ እንቆርጣለን። "እምነቱ እነሱ ጋ አለ" ትላላችሁ፤ እነሱም "እናንተ ጋ አለ" ይላሉ። ሁሉም ቤት በአንድ ጠዋት ባዶ ቢሆንስ?

ልጅ ሲዘገይ ሆዳችሁ የሚባባ እናቶች፣ ያንን ክፉ የሚታየው ልባችሁን አትናቁት። ሥራ ስጡት! እግዚአብሔር ያደረገላችሁን፣ የማንም ድንጋጤ በማይደርስበት ቦታ ልባችሁ ያኑርላችሁ። በየምሽቱ ያኑርላችሁ። ክፉ ቀን ሲመጣ ሮጣችሁ የምትከፍቱት እሱን ነውና።

ያቺ እናት ወልዲያ ሄዳ ልጇን አመጣች። አበላችው፣ አስተኛችው። ከዚያም ከጠፋ ጀምሮ ሳይቆለፍ ያደረውን በሯን ቆለፈች።