የይቅርታ ሳንቃዎች

አንድ ሰሌዳ ጻፊ በእንግሊዝ አገር፣ ወንዝ መሀል ለመሀል በሚከፍላት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር። ስሙ ሲሪል ነው። ሥራው ለማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ መጻፍ ነበር። ፊደሉ እንደ ተሰካካ ዶቃ የተስተካከለ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው፤ ሰው ፊት ሲቆም ግን አንደበቱ ይተሳሰራል። በብሩሽ ካልሆነ በአፉ መናገር አይሆንለትም።

የዚያች ከተማ ሰዎች ጨዋዎች ነበሩ። እግራቸውን የረገጣቸውን ሰው ይቅርታ የሚጠይቁት እነሱው ናቸው። ሁለት ሰው ከቆመ ሰልፍ ይሆናል፤ ሦስተኛው መጥቶ ምን እንደሚጠበቅ ሳይጠይቅ ከኋላ ይቆማል። ማማረር ነውር ነበር። አንድ ነገር ሲጓደል "ምን ይደረጋል፣ ከዚህ የባሰም አለ" ይሉና ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

ድሮ በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ስድስት የጥገና ሠራተኞችና አንድ ሰሌዳ ጻፊ ነበሩ። አንድ ነገር ሲበላሽ ሲሪል "ለጊዜው አይሠራም፤ ስለ መጉላላቱ ይቅርታ እንጠይቃለን" ብሎ ይጽፋል። ቀለሙ ሳይደርቅ ጠጋኞቹ መዶሻቸውን ይዘው ይደርሳሉ፤ ሰሌዳው በማግስቱ ይነሣል። ከዚያ አንዱ ጠጋኝ ጡረታ ወጣ፤ በቦታው ሰው አልተቀጠረም። ሁለተኛው ወጣ። ሌሎቹም ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። በመጨረሻ ከጠጋኞቹ ብቻቸውን የቀሩት ሽማግሌው ስታንሊ የመጋዘኑን ቁልፍ ለሲሪል አስረክበው ወደ ቤታቸው ገቡ።

የሰሌዳው ሥራ ግን በዛ። የአደባባዩ ሰዓት ቆመ፤ ሰሌዳ ተተከለለት። የሕዝብ ሽንት ቤቱ ተዘጋ፤ ሰሌዳ። ቤተ መጻሕፍቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚከፈት ሆነ፤ ሰሌዳ። የመዋኛው ገንዳ ደረቀ፤ በየማዕዘኑ አራት ሰሌዳ። አንዱም አልተነሣም። ሰው አልፎ ሲሄድ ያነባል፣ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ ያልፋል። ቆይቶ ማንበቡንም ተወው።

ሰሌዳ የሚጻፍበት ስሱ ጣውላ ሲያልቅ ከንቲባው ሲሪልን ጠርተው "መጋዘኑ ውስጥ የተከመረ የባሉጥ ሳንቃ አለ አይደል? በሱ ጻፍ። ዝናብ አይበግረውም" አሉት። ሲሪልም ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ የቆዩትን ሰሌዳዎች ጭምር ይተካባቸው ጀመር። ወፍራም፣ ከባድ፣ ደህና የደረቀ እንጨት ነበር። በእያንዳንዱ ሳንቃ ጫፍና ጫፍ ሁለት ሁለት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ለምን እንደ ተበሳ ሲሪል አላወቀም፤ ጽሑፉን እንዳያበላሽበት በስቱኮ እየደፈነ ቀለም ይቀባበት ነበር።

የሲሪል እናት ወይዘሮ ኤድና ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። አስተማሪ ነበሩ፤ የከተማውን ግማሽ ሰው ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመት ሞልቷቸው ዓይናቸው ከመካከሉ መጥፋት ጀምሯል። ሐኪሙ "በየወሩ መርፌ ከተወጉ የቀረው ብርሃን ይቆያል። ካቋረጡ የሚጠፋው አይመለስም" ብሏቸዋል። ሆስፒታሉ በሲሪል በኩል ነው። እሳቸውም በየወሩ በእግረኛ ድልድዩ ይሻገራሉ፣ መርፌያቸውን ይወጋሉ፣ ከልጃቸው ጋር ምሳ በልተው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን የድልድዩ ወለል በስብሶ ተገኘ። የበሰበሰው ሳንቃ ተነቅሎ ተጣለ፤ ብረቱ ብቻውን ወንዙ ላይ ቀረ። ሰሌዳውን የጻፈው ሲሪል ነው። "እስኪጠገን አውቶቡስ ዞሮ ያደርሳችኋል" ተባለ። ከአራት ወር በኋላ አውቶቡሱም ቀረ። የአውቶቡሱንም ሰሌዳ የጻፈው ሲሪል ነው። ሲሪል መኪና የለውም። በእግር ዞሮ መሄድ ለጎልማሳ እንኳ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤት ወይዘሮ ኤድናን በመኪናው አደረሳቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀጠሮ አለፋቸው።

አንድ እሑድ ሲሪል ያን ሁሉ መንገድ ዞሮ እናቱን ሊጠይቅ ሄደ። ወይዘሮ ኤድና ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ማነህ?" አሉት።

ሲሪል ደነገጠ። አምስት እርምጃ እንኳ አይርቅም። "እኔ ነኝ፣ እማ።"

"አሃ! ፊትህን የት ጥለኸው መጣህ? ጆሮና ጆሮህ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ መሀሉ ባዶ ነው" ብለው ሳቁ።

ሲሪል አልሳቀም። "ይቅርታ፣ እማ" አለ።

"ደግሞ ጀመርክ! ይቅርታህን በየአጥሩ አንብቤዋለሁ። ፊደልህ ያምራል ልጄ፤ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ድልድዩ ግን ከፊደልህ የበለጠ ያምር ነበር።"

ሰኞ ጠዋት ሲሪል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠራ የከንቲባውን በር አንኳኳ። ቆቡን በእጁ እያሸ "ድልድዩ... መቼ ነው?" አለ።

ከንቲባው ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንበር ሰጡት። "አየህ ሲሪል፣ ሰው ሁሉ ከተማችን ወደ ታች እየሄደች ነው ይለኛል። ድሮስ ምን ነበረ? የከሰል ጭስ ነበረ። ሕፃን በሳል ይሞት ነበር። ሰው ወጣትነቱ ሲናፍቀው አገሩ ያረጀችበት ይመስለዋል። አያቶቻችንም እንዲሁ ሲያማርሩ ኖረው ነው የሞቱት።"

ከንቲባው የተናገሩት ሐሰት የለበትም፤ ሆኖም እናቱ ፊቱን ማየት አልቻሉም።

"ይልቅ" አሉ ከንቲባው፣ "የድልድዩ ሰሌዳ ቀለሙ ለቋል። ሌላ ጻፍለት። በወፍራሙ ሳንቃ ይሁን፤ ሃያ ዓመት እንዲቆይ።"

ሲሪል ወደ መጋዘኑ ሄደ። ሳንቃውን አጋደመ፣ ብሩሹን ነከረ፣ "ለጊ" ብሎ ጀመረና እጁ ቆመ። ለጊዜው የሚለውን ቃል ሃያ ዓመት በሚቆይ እንጨት ላይ ሊጽፈው ነው! ስንት ዓመት ሲጽፈው አንድም ቀን አላነበበውም ነበር። ፊቱ በእፍረት ጋለ። ከዚያ እፍረቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። የጀመረውን ፊደል ፍቆ አጠፋና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

"ይህ ድልድይ ከተዘጋ ዛሬ ሁለት መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነው። የሚከፈተው መቼ ነው?"

ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም። ወስዶ ወንዙ ዳር ተከለው።

የመጀመሪያዎቹ አላፊዎች እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ አለፉ። ከዚያ አንዲት ሴት ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመለሰች።

"ሁለት መቶ ዐሥራ ዘጠኝ? እኔ እኮ አንድ ወር መስሎኝ ነበር!"

"ሰውየው ሲቆጥር ተሳስቶ ይሆናል" አለ አንድ ሰው።

"አልተሳሳተም" አለች ልጅ የታቀፈች ሌላ ሴት። "ይህቺ ልጄ የተወለደች ዕለት ነው የተዘጋው። ይኸው መቀመጥ ጀምራለች።"

ሰው እየበዛ ሄደ። አንድ መንገደኛ ከኋላ መጥቶ ቆመና "ይቅርታ፣ ሰልፉ የምንድን ነው?" ሲል ጠየቀ።

"የንዴት ነው። ከኋላ ይቁሙ" አሉት።

ወንዙ ሠላሳ እርምጃ ቢሰፋ ነው። ጫጫታው ማዶ ተሰማ፤ ወይዘሮ ኤድና ዱላቸውን ይዘው ወደ ዳር ወረዱ። በዚህ በኩል ከንቲባው ደረሱ።

"ሲሪል! እንዲህ አድርገህ ጻፍ አላልኩህም። አሁኑኑ ንቀለው!"

"ማነው እዚያ የሚጮኸው?" አሉ ወይዘሮ ኤድና ከማዶ። "መሀሉ ባዶ ሆኖ ነው የሚታየኝ!"

"ከንቲባው ናቸው፣ እማ!"

"እንግዲያማ ዓይኔ ደህና ነው!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። የከንቲባው ፊት ቀላ፤ እሳቸውም ፊደል የቆጠሩት ወይዘሮ ኤድና ዘንድ ነበር። "ወይዘሮ ኤድና" አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ "ድሮም ቢሆን እኮ ነገር ይበላሽ ነበር።"

"ይበላሽ ነበር እንጂ! ታናሽ ወንድሜን በሳል ቀብሬዋለሁ፤ ስለ ድሮ አንተ አትነግረኝም። ድሮ ጥሩ ነበር ማን አለህ? ድሮ ነገር ሲበላሽ መዶሻ የያዘ ሰው ይመጣ ነበር ነው የምልህ! ዛሬ የሚመጣው ብሩሽ የያዘው ልጄ ነው!"

ከንቲባው ወደ ሲሪል ዞረው "ንቀለው አልኩህ" አሉ። ሲሪልም ጎንበስ ብሎ ሳንቃውን ነቀለው። ሰዉ አጉረመረመ። ሳንቃው ከባድ ስለሆነ ሽማግሌው ስታንሊ ከሰዉ መሀል ወጥተው በሌላው ጫፍ ያዙለት። እንደ ያዙም ቆም አሉ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ስቱኮው እየተፈረፈረ ወደቀና ቀዳዳው ወጣ።

"ይህን ሳንቃ ከየት አመጣኸው?" አሉ።

"ከመጋዘኑ።"

"ቀዳዳውን የበሳሁት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። የድልድዩ ወለል ነው ይሄ! አሮጌው ሳይበሰብስ እንተካዋለን ብለን ለክተን፣ ቆርጠን፣ በስተን ያስቀመጥነው ነው። ከዚያ እኛ ተሰናበትን።"

ድልድዩን ሊያድስ የተዘጋጀ እንጨት በየአጥሩ ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ኖሯል።

"እኔ... አላወቅኩም ነበር" አሉ ከንቲባው።

"አልጠየቁኝማ" አሉ ስታንሊ። "እኔም አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ይኸው ዝም ብለን ድልድዩ ነቀዘ።"

ሲሪል ሳንቃውን ተሸክሞ ወደ ድልድዩ ሄደ። በመግቢያው በኩል በሁለቱ ብረቶች ላይ አጋደመው። ቀዳዳው ከብረቱ ቀዳዳ ጋር ልክክ አለ።

"ያለ ፈቃድ አይሆንም!" አሉ ከንቲባው። "ሰው ወድቆ ቢሰበርስ?"

ሲሪል ሳንቃው ላይ ወጥቶ ቆመ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንደበቱ አልተሳሰረም። "ቢሰበር የምወድቀው እኔ ነኝ። ክቡር ከንቲባ፣ ‘ለጊዜው’ ብለህ ጻፍ ሲሉኝ ኖረዋል። ጊዜው ደርሷል።" ከዚያ ወደ ስታንሊ ዞሮ "ስንት ሳንቃ ይፈልጋል?" አለ።

"ሰባ ሁለት።"

"ሁሉንም የት የት እንደ ተከልኳቸው አውቃለሁ።"

የዚያች ከተማ ሰው ሰልፍ ያውቅበታል። ከሰዓቱ ሥር፣ ከሽንት ቤቱ በር፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ፣ ከደረቀው ገንዳ ዙሪያ ሳንቃው ተነቅሎ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወንዙ ዳር ደረሰ። አንድም ሰው አልተጋፋ። ስታንሊ ብረቱን በመዶሻ እየመቱ አደመጡት፤ ደህና ነው። ብሎን አጠበቁ፣ አጠበቁ። ጨለማ ሲሆን አቋርጠው ነጋ ሲል ቀጠሉ። ከንቲባው ዳር ቆመው ያዩ ነበር፤ አላገዙም፣ አልከለከሉምም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ወይዘሮ ኤድና ዱላቸውን አስቀድመው ድልድዩ ላይ ወጡ። ጽሑፉ ወደ ላይ ነበር። ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል እያደረጉ፣ በዓይናቸው ዳር ትልልቁን ፊደል እያነበቡ ተራመዱ። "ይቅርታ... ይቅርታ... ለጊዜው... ይቅርታ..." መሀል ላይ ሲደርሱ ቆሙና ዱላቸውን ሳንቃው ላይ ሁለቴ አንኳኩ።

"ይሄን ሁሉ ይቅርታ ዛሬ ገና ተቀበልኩት!" አሉ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ "የጠፋው ጠፍቷል፤ የቀረውን እናቆየዋለን" አላቸው። ከዚያ ወዲያ ልጃቸውን ሲያዩት እንደ ወፍ ራሳቸውን ወደ ጎን አዙረው ሆነ። ፊቱን ሙሉውን ዳግመኛ አላዩትም። ይህን ማንም ጠግኖ አይመልሰውም።

በሳምንቱ ከንቲባው ሲሪልን አስጠርተው "ድልድዩ ማዘጋጃ ቤቱ ያልፈቀደው መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ ጻፍ" አሉት።

"እሺ፣ ግን ሳንቃ አልቋል" አለ ሲሪል።

በማግስቱ ጠዋት ከንቲባው ቢሮ ሲገቡ በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ጠበቃቸው። ማንም አልጮኸም። እያንዳንዱ ሰው ተራው ሲደርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። "እንደምን አደሩ፣ ሰዓቱ መቼ ነው?" "እንደምን አደሩ፣ አውቶቡሱ መቼ ነው?" በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። በበልጉ አውቶቡሱ ተመለሰ፤ ሁለት የጥገና ሠራተኞችም ተቀጠሩ። የመዋኛው ገንዳ እስካሁን ደረቅ ነው። ሰልፉም እስካሁን አልተበተነም።

አገር ወደ ታች ወረደች፣ አልወረደችም የሚለውን ክርክር የሚወዱ እስኪደክማቸው ይከራከሩበት። ነገር በየትም አገር፣ በየትኛውም ዘመን ይበላሻል። የተበላሸበትን ቀን የሚቆጥር ሰው እስካለ ድረስ ያ አገር ገና ቆሟል፤ መቁጠሩን የተወ ዕለት ወድቋል፣ የሚነግረው ግን የለም። ይቅርታም መልካም ቃል ነው፣ ከኋላው መዶሻ ከመጣ። ጨዋነት ተራን መጠበቅ ነው፤ የተዘጋ በር ሥር ማርጀትን ግን ጨዋነት ነው ብሎ ማንም አያሳምነን።

እስቲ አንተም፣ አንቺም፣ ከደጃችሁ ወጣ በሉና ተመልከቱ፦ "ለጊዜው" የሚለው ጽሑፍ ከተሰቀለ ስንት ቀን ሆነው? የተጻፈበትስ እንጨት ለምን ተዘጋጅቶ የነበረ እንጨት ነው?